ድንቹ ኤር ፍራየር ውስጥ ከመግባቱ በፊት

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው፦ ድንቹን ከነልጣጩ በቁመቱ ቆርጠው፣ አጥበው፣ በዘይትና በቅመም ለውሰው በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ20 ደቂቃ ይጠብሳሉ። ቀጭኑ ጫፍ ያርራል፣ ወፍራሙ መሀል ጥሬ ይቀራል፤ አለዚያም ሁሉም ለስልሶና ተጨማዶ ይወጣል። የተሳካ ሲመስል እንኳን ሰሃን ላይ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ይለሰልሳል። ከመደብር የሚገዙት የቀዘቀዘ ድንች ግን በዚያው ማሽን ኩርሽም የሚል ሆኖ ይወጣልዎታል። የማሽንዎ መጠን አራት ሊትር፣ በአንድ ጊዜ የሚያስገቡት ድንች አንድ ኪሎ ነው። ዘይት ልጨምር፣ ሙቀት ልጨምር ወይስ ማሽኑን ልቀይር ብለው ጠይቀዋል።

ከሦስቱ አንዱንም አያድርጉ። ማሽንዎ ጤነኛ መሆኑን የቀዘቀዘው ድንች ራሱ መስክሮልዎታል። እንዲያውም የጥያቄዎ መልስ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ያ ድንች ከረጢት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በፋብሪካ ብዙ ተደርጎለታል፦ ተቆርጦ በሙቅ ውሃ ለብለብ ተደርጓል፣ ላዩ በሞቃት አየር ደርቋል፣ አንዳንዱም ስስ የስታርች ሽፋን ተቀብቷል፣ ከዚያም በጋለ ዘይት ለአጭር ጊዜ ተጠብሶ ነው የቀዘቀዘው። እርስዎ ጋ ሲደርስ ለኤር ፍራየሩ የቀረለት ሥራ ማሞቅና የመጨረሻውን እርጥበት ማባረር ብቻ ነው። ከጥሬ ድንች ጋር ግን ማሽኑን ማብሰልም፣ ማድረቅም፣ ማቅላትም በአንድ ላይ ይጠይቁታል። ድንች ኩርሽም የሚለው ቅርጫቱ ውስጥ ቢሆንም፣ ኩርሽም ይበል አይበል የሚወሰነው ቅርጫቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። የምግብ ዝግጅት ሳስተምር ከሁሉ አስቀድሜ የማስጨብጠው ይህንን ነው።

ኤር ፍራየር ከስሙ በስተጀርባ ጠንካራ ማራገቢያ ያለው ትንሽ ምድጃ ነው። ፊሊፕስ በ2010 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ብዙ ዓይነት ቢወጣም አሠራሩ ያው ነው፦ ከላይ የሚግል የብረት ጥቅልል፣ አየሩን የሚያሽከረክር ማራገቢያ፣ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ቅርጫት። አየር ደግሞ ሙቀትን በማስተላለፍ ከዘይት በእጅጉ ያንሳል። በ180 ዲግሪ ዘይት ውስጥ የገባ ድንች ላዩ ወዲያው መፍላትና መድረቅ ይጀምራል፤ በ200 ዲግሪ አየር ውስጥ የገባው ግን ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው። ድንች ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ላዩ ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ሁሉ ያንን ውሃ ለማትነን ይውላል፤ ስለዚህ የማሽኑ ሰሌዳ 200 ቢያሳይም የድንቹ ገጽ ከ100 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ቡናማነትና የጥብስ ጣዕም የሚመጣው ግን ገጹ ከ140 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነው። ቀጭኑ ጫፍ ትንሽ ውሃ ስላለው ቶሎ ደርቆ ወደዚያ ሙቀት ይሄዳል፣ ያርራልም፤ ወፍራሙ ክፍል ገና እርጥብ ነው። እርስዎ ያዩት ይህንን ነው። ሙቀት ቢጨምሩ ጫፉ የበለጠ ይከስላል እንጂ መሀሉ አይደርስልዎትም።

ከድንቹ ልጀምር። ሲቀቀል የሚፈረካከስ፣ ደረቅና ስታርች የበዛበት ዓይነት ድንች ለዚህ ሥራ ይመረጣል። ሲቀቀል እንደ ጠነከረ የሚቀረው፣ ውሃ የበዛበት ዓይነት ለሰላጣ ጥሩ ነው፤ ለጥብስ ግን ቅርፊቱ ስስ ይሆናል፣ ቶሎም ይለሰልሳል። የገዙት የትኛው እንደሆነ ካላወቁ በ11 ስኒ ውሃ ውስጥ አንድ ስኒ ጨው አሟሙተው አንድ ድንች ይጣሉበት። የሚሰምጠው ስታርች የበዛበት ነው፣ የሚንሳፈፈው ውሃ የበዛበት ነው። ይህ ሙከራ ጨው ማባከን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከአንድ ሻጭ ደጋግመው የሚገዙ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ ይበቃዎታል። አረንጓዴ የሆነ ድንች ካገኙ አረንጓዴውን ክፍል ጠለቅ አድርገው ቆርጠው ይጣሉት፤ አብዛኛው አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ድንቹን በሙሉ ይተዉት፤ እዚያ የሚከማቸው ሶላኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር በመቀቀልም ሆነ በመጥበስ አይጠፋም።

ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ድንች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በቅዝቃዜ ውስጥ ስታርቹ ከፊሉ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስኳር የበዛበት ድንች ደግሞ መሀሉ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል። የእርስዎ ድንች ቶሎ የሚያርረው በዚህም ምክንያት ሊሆን ስለሚችል የት እንደሚያስቀምጡት ያስተውሉ። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ፣ ነገር ግን ከማቀዝቀዣ ውጭ የሆነ ቦታ ይሻለዋል።

አቆራረጡ ቀላል ነው፣ ሆኖም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። 200 ግራም ገደማ የሚመዝን መካከለኛ ድንች በቁመቱ ለሁለት ይክፈሉ፤ እያንዳንዱን ግማሽ ጠፍጣፋው ፊት ወደ ታች ሆኖ በቁመቱ ሦስት ወይም አራት ቦታ ይቁረጡ፤ ቢላውን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ድንቹ መሀል አዘንብለው። ቀጥ ብለው ከቆረጡ መሀለኛው ቁራጭ ወፍራም፣ የዳሩ ደግሞ ስስ ልጣጭ ይሆናል። የሁሉም ወፍራም ጎን ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ልጣጩ ስስ ከሆነ ይተዉት፣ ቁራጩን አንድ ላይ ይይዝልዎታል። ወፍራምና ሻካራ ከሆነ ይላጡት፤ ልጣጭ እርጥበት እንዳይወጣ የሚከላከል የተፈጥሮ ሽፋን ስለሆነ፣ ወፍራሙ ሲጠበስ በመድረቅ ፈንታ አኝከው የማይጨርሱት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፦ ለብለብ አድርጎ መቀቀል። ይህንን የሚዘል ሰው ስለ ዘይትና ስለ ሙቀት የሚጨነቀው በከንቱ ነው ብል አላጋነንኩም። ሁለት ሊትር ውሃ ያፍሉ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩበት፤ ግማሽ ኪሎ የተቆረጠ ድንች ያስገቡና ውሃው እንደገና ከፈላ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይቀቅሉት። መድረሱን የሚያውቁት በሰዓት ሳይሆን በቢላ ጫፍ ነው፦ ጫፉ ከዳር በቀላሉ መግባት፣ መሀል ሲደርስ ደግሞ ትንሽ መያዝ አለበት። ሙሉ በሙሉ ከበሰለ ቅርጫቱ ውስጥ ይበታተናል፤ ጥሬ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ሥራ ወደ ማሽኑ መልሰው ጫኑበት ማለት ነው።

ቤኪንግ ሶዳው ለምን እንደሚገባ ላስረዳ። የድንች ህዋሳት እርስ በርስ የተያያዙት ፔክቲን በተባለ ማጣበቂያ ነው፤ ፔክቲን ሶዳ በገባበት ውሃ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ መሀሉ ጠንካራ እንደሆነ ላዩ ብቻ ይላቁጣል። የላቆጠው ገጽ ላይ ያለው ስታርች ከ60 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይጣበቃልም፤ በኋላ ሲደርቅ ጠንካራ ቅርፊት የሚሆነው ይኸው ነው። ጥሬ ሆኖ ወደ ማሽኑ የገባ ድንች ይህ ሽፋን የለውም፤ ገጹ ሳይላቁጥ ስለሚደርቅ የሚያገኙት ቅርፊት ሳይሆን የተጨማደደ ቆዳ ነው። የሶዳውን መጠን ግን አያብዙ፤ ከበዛ የሳሙና ዓይነት ጣዕም ይሰጣል፣ ድንቹንም ከመጠን በላይ ያጠቁረዋል። ኮምጣጤ ተቃራኒውን ይሠራል፣ ፔክቲኑን ያጠነክረዋል። ድንችዎ በጣም የሚፈረካከስ ዓይነት ሆኖ አልያዝ ካለዎት ሶዳውን ትተው ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ይጨምሩ፤ ቅርጹን ይጠብቃል፣ ቅርፊቱ ግን እንደ ሶዳው ሻካራ አይሆንም። ሁለቱን አንድ ላይ መጨመር ትርጉም የለውም፣ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል።

መቀቀሉ ሌላም ጥቅም አለው። ጨው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ የሚነሰነስ ጨው ይህንን አያደርግም። ከገጹ ላይ ያለው ስኳርም ከፊሉ ወደ ውሃው ይወጣል፣ በዚህም ድንቹ እኩል ይቀላል እንጂ አንድ ቦታ ጠቁሮ ሌላ ቦታ ነጭ ሆኖ አይቀርም።

ከዚያ ማጠንፈፍ ነው፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያድርጉልኝ። ድንቹን በማጠንፈፊያ ገልብጠው ውሃው ከወረደ በኋላ ወዲያው ዘይት አያፍስሱበት። ቁራጮቹን ወደ ባዶውና ገና ትኩስ ወደሆነው ድስት ይመልሱ፣ ክዳን ሳያደርጉ በዝግተኛ እሳት ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀስ አድርገው ያናውጡ፣ ከዚያም ሰፊ ትሪ ላይ እንዳይነባበሩ አድርገው ያስጧቸው። ትኩስ ድንች ራሱን በራሱ ያደርቃል፤ ውስጡ ያለው ሙቀት የገጹን ውሃ በእንፋሎት ያባርረዋል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሶ ማብረድ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ያንን የነጻ ሙቀት ይገድለዋል። አሁን ገጹን ጠጋ ብለው ይመልከቱት። መጀመሪያ እርጥብ ሆኖ ያበራል። ከሁለት ከሦስት ደቂቃ በኋላ ብርሃኑ ከጠርዙ ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቁራጩ በሙሉ ፈዝዞ ነጣ ይላል፣ ስስ ሊጥ ተቀብቶ የደረቀበት ይመስላል። በጣት ሲነኩት አይጣበቅም፣ ጠርዙም ትንሽ ሻክሯል። ያ ነጣ ያለ ሻካራ ገጽ በኋላ የሚበሉት ቅርፊት ነው። እንፋሎቱ መውጣቱን ሳያቆም ወደ ቀጣዩ ሥራ አይለፉ።

ጥሬውን ድንች አጥበው በፎጣ መጥረግ ተመሳሳይ ነው ብለው እንዳያስቡ። ፎጣው የሚወስደው ገጹ ላይ ያለውን ውሃ ነው፤ ከገጹ በታች ባለው ስስ ንብርብር ውስጥ ያለውን አይደርስበትም። ቅርፊቱን የሚያለሰልሰው ደግሞ ይኸኛው ነው።

ስለ ዘይት የጠየቁትን ልመልስ። ለግማሽ ኪሎ ድንች አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ገጹ ዱቄትና ደረቅ ይሆናል፤ ዘይት የሚያስፈልገው ለጣዕም ብቻ ሳይሆን የአየሩን ሙቀት ወደ ድንቹ እኩል ለማዳረስም ነው። በጣም ከበዛ ደግሞ የላቆጠው ስታርች ዘይቱን ይጠጣዋል፣ ድንቹም ከብዶ ይቀመጣል። በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዘይቱን አፍስሰው ድንቹን ወደ ላይ እየወረወሩ ያገላብጡት፤ ሲጋጭ ጠርዙ ይበልጥ ይሻክራል፣ ከገጹ የሚነሳው ልቋጭም ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ቁራጮቹን ይሸፍናል። ጠረን የሌለው የተጣራ ዘይት፣ ለምሳሌ የተጣራ የሱፍ ዘይት፣ በዚህ ሙቀት አይጨስም። ቅቤ ግን ውስጡ ውሃም የወተት ዝቃጭም አለው፤ ውሃው ያለሰልሳል፣ ዝቃጩ ያርራል። የቅቤ ጣዕም ከፈለጉ ድንቹ ከወጣ በኋላ ያፍስሱበት። በጣሳ ታሽገው የሚሸጡትን የሚረጩ ዘይቶች አልመክርም፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ተጨማሪ ነገር ቅርጫቱ ላይ ተጣብቆ የማይለቅ ቡናማ ሽፋን ይሠራል፣ የማያጣብቀውንም ቅብ ያበላሻል።

የበቆሎ ስታርች ወይም የሩዝ ዱቄት መነስነስ ብዙ ሰው ያደርገዋል። በደንብ ለተላቆጠና ለደረቀ ድንች አያስፈልግም የሚል አቋም አለኝ። ውሃ የበዛበት ድንች ብቻ ካለዎት ግን ለግማሽ ኪሎ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ መጀመሪያ ስታርቹን፣ ቀጥሎ ዘይቱን። ደረቅ ነጭ ነጥብ እስከማይታይ ድረስ ይለውሱት፤ ዘይት ያልነካው ስታርች ሲጠበስም ጥሬ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፣ ጥርስ ላይም ይሰማል።

አሁን ማሽኑን ይክፈቱ። በ200 ዲግሪ ለአምስት ደቂቃ ባዶውን ያግሉት። አራት ሊትር ለሆነ ቅርጫት ግማሽ ኪሎ ከፍተኛው ነው፤ አንድ ኪሎ የሚያስገቡበት ልማድ ከጥያቄዎ ሁሉ ከባዱ ችግር ነው። የተከመረ ድንች አንዱ በሌላው እንፋሎት ይበስላል እንጂ አይጠበስም፤ አየሩ በቁራጮቹ መካከል ማለፍ አለበት። በአንድ ንብርብር፣ በመሀላቸው ትንሽ ክፍተት ትተው፣ ልጣጩ ወደ ታች ሆኖ ይደርድሯቸው። አንድ ኪሎ ማብሰል ካለብዎት ለሁለት ይክፈሉት፦ የመጀመሪያውን ዙር ወርቃማ መሆን ሲጀምር አውጥተው ሽቦ መደርደሪያ ላይ ያሳርፉት፣ ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ ያብስሉት፣ በመጨረሻም ሁሉንም አንድ ላይ መልሰው ለሦስት ደቂቃ ያህል በ200 ዲግሪ ያናፍሱት። በዚህ ጊዜ የሚወጣ ብዙ እንፋሎት ስለሌለ መነባበሩ አይጎዳም። ቅርጫቱ ላይ ወረቀት አያንጥፉ፤ ከታች የሚመጣውን አየር ይዘጋል፤ ባዶ ማሽን ሲግል ብቻውን የገባ ወረቀት ደግሞ ወደ ላይ ተነስቶ የጋለውን ብረት ሊነካና ሊቃጠል ይችላል። ሥጋ ሲጠበስ ጭስ እንዳይኖር ከቅርጫቱ በታች ውሃ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ለድንች ይህንን አያድርጉ፣ እንፋሎት እየፈጠሩ እንፋሎት ለማባረር መድከም ነው።

በ200 ዲግሪ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ደቂቃዎች ቅርጫቱን አይንኩት፤ ቅርፊቱ ገና ስላልጠነከረ ይላጣል፣ ከቅርጫቱም ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ በየአምስት ደቂቃው ቅርጫቱን ይወዝውዙት፣ ጆሮዎንም ይስጡት። ያልደረሰ ድንች ሲወዛወዝ ዱብ ዱብ የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፦ ደረቅ፣ ቀለል ያለ፣ የሚንኮሻኮሽ። ከሰዓት ይልቅ ይህንን ድምፅ እመኑ እላለሁ፤ ማሽኖች በሰሌዳቸው ላይ የሚያሳዩት ሙቀት ከትክክለኛው ከፍ ወይም ዝቅ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር። ወርቃማ ሲሆን ያውጡት፣ ጥቁር ቡናማ እስኪሆን አይጠብቁ። በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ስታርች ያለባቸው ምግቦች በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበሱና ሲጋገሩ አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ሊሆን የሚችል ውህድ እንደሚፈጠር ይፋ አድርገዋል። ይህ ውህድ የሚፈጠረው ከ120 ዲግሪ በላይ፣ በድንቹ ውስጥ ካለው ስኳርና አስፓራጂን ከተባለ አሚኖ አሲድ ነው፤ ድንቹ በጠቆረ ቁጥርም ይበዛል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያላቆዩት፣ ቀድሞ የተቀቀለና ወርቃማ እንዳለ የወጣ ድንች በጣዕምም በጤናም የተሻለው ነው።

ቅመሙን በተመለከተ፦ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ ስኳር ያለበት ማንኛውም ቅልቅልና ደረቅ ቅጠላ ቅጠል በ200 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አይቋቋምም፤ ያርርና ይመራል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ወይም ድንቹ እንደወጣ ይነስንሱት። ላዩ ላይ ያለው ስስ ዘይት ገና ትኩስ ስለሆነ ይይዘዋል። ደቃቅ ጨውም እንዲሁ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከተነሰነሰ ከድንቹ ውስጥ ውሃ ይስባል።

አሁን አምስት ደቂቃ አይቆይም ወዳሉት እንምጣ። ማንኛውም የተጠበሰ ድንች ይለሰልሳል፤ ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነው። የደረቀ ስታርች ጠንካራና ተሰባሪ የሚሆነው ውሃ ስለሌለው ብቻ ነው፣ ትንሽ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ይለመጣል። ውሃው ደግሞ ከሩቅ አይመጣም፦ እርጥብ የሆነው መሀል ከቅርፊቱ በታች ነው። ቅርፊቱ ሲወፍር ጊዜ ይገዛልዎታል፤ ቀቅለው ያደረቁት ድንች ከጥሬው የበለጠ የሚቆየው ለዚህ ነው። ከወጣ በኋላ ክዳን አያድርጉበት፣ በፎይል አይጠቅልሉት፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አይከምሩት። ሽቦ መደርደሪያ ላይ ወይም ሰፊ ሰሃን ላይ ተበትኖ ይቅረብ፣ ማጥቀሻ ስጎው በጎን ይሁን። የተረፈውን በማይክሮዌቭ ማሞቅ የውስጡን ውሃ ወደ ቅርፊቱ መግፋት ነው፤ በ200 ዲግሪ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ኤር ፍራየር ውስጥ ቢመልሱት ግን ቅርፊቱ ይመለሳል።

ለመቀቀል ጊዜ የሌለዎት ቀን ሁለተኛ መንገድ አለ፣ ውጤቱ ግን ከፊተኛው ያንሳል። የተቆረጠውን ጥሬ ድንች በቀዝቃዛ ውሃ ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፣ ውሃውን አንድ ጊዜ ይቀይሩለት፣ በንጹህ ፎጣ በጣም በደንብ ያድርቁት፣ ዘይት ይቀቡት። ከዚያ በ160 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ መሀሉን ያብስሉ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቅርጫቱን ከፍተው እንፋሎቱ እንዲወጣ ያድርጉ፣ በመጨረሻም በ200 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያቅሉት። ሁለቱን ሙቀቶች መለየቱ ጫፉ ሳያርር መሀሉ እንዲደርስ ያደርጋል። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ስለዚህ ወዲያው መበላት አለበት።

ፋብሪካው የሚሠራልዎትን ሥራ ደግሞ እርስዎም መሥራት ይችላሉ። ጊዜ ባለዎት ቀን ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ድንች በየግማሽ ኪሎው ለብለብ አድርገው ቀቅለው፣ እስኪነጣ አድርቀው፣ ዘይት ቀብተው በ200 ዲግሪ ለስምንት ደቂቃ ብቻ ይጥበሱት፤ መቅላት ሳይጀምር ያውጡት። ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ትሪ ላይ እንዳይነካካ ደርድረው ያቀዝቅዙት፣ ከጠነከረ በኋላ ወደ ከረጢት ይገልብጡት። በረዶው የህዋሳቱን ግድግዳ ስለሚሰነጣጥቅ መሀሉ ከትኩሱ እንኳን የበለጠ ለስላሳ ይሆናል። ሲፈልጉት አያሟሙት፤ ከሟሟ ውሃው ወደ ገጹ ይወጣል። እንደቀዘቀዘ በጋለ ቅርጫት አስገብተው በ200 ዲግሪ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይጥበሱት፣ በመሀል ሁለት ጊዜ ይወዝውዙት።